ልጃችን ፖለቲካል ሳይንስ ልማር ስትል፦ ደሞዙንና የትምህርት ዕዳውን እንዴት እንመዝን

ዘንድሮ በሚያዝያ የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እናቷ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት የኮሌጅ ደብዳቤ ዘረጋች። ሦስቱም ተቀብለዋታል። ልትማር የፈለገችው ፖለቲካል ሳይንስ ነው። እህቴ ደብዳቤዎቹን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» አለችና ቡናዋን ማፍላት ቀጠለች።

አልፈረድኩባትም። እሷ ባደገችበት ዘመን ፖለቲካ ሰው ይበላ ነበር። እዚህ አሜሪካ ለተወለደችው ልጅ ግን ቃሉ ሌላ ነው። የሕግ ቢሮ ነው፣ የካውንቲ ምክር ቤት ነው፣ የኮንግረስ አባል ቢሮ ነው፣ የጥናት ተቋም ነው። ስኒው ሲቀርብ እህቴ ትክክለኛውን ጥያቄ አመጣችው፦ «እሺ ተማረች እንበል። ምን ታገኛለች? ዕዳውንስ ማን ነው የሚከፍለው?»

ያን ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብለን ሠራነው። እዚህ የምጽፈው ያን ሥራ ነው፣ በቅደም ተከተል። በአሜሪካ ለሚኖር፣ ልጁ ይህን መስክ ለመረጠ ቤተሰብ ነው የጻፍኩት። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ካልኩሌተር ያዙ። ልጁም አብሮ ይቀመጥ። ለልጁ ሳይሆን ከልጁ ጋር ነው የሚሠራው።

1ኛ፦ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ፖለቲካል ሳይንስ ያዋጣል ወይ?» ብሎ ነው። እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለም። ያው ዲግሪ በ20,000 ዶላር ዕዳ ሲያዝና በ100,000 ዶላር ዕዳ ሲያዝ አንድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን መሀል ላይ በመስመር ክፈሉት። በአንዱ በኩል «ከተመረቀች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ስንት ታገኛለች?» ብላችሁ ጻፉ። በሌላው በኩል «ለዲግሪው ስንት እንበደራለን፣ በማን ስም?» በሉ።

የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ያልኩት በምክንያት ነው። በዚህ መስክ ደሞዝ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ቆይቶ ያድጋል። የተማሪ ብድር ግን በተመረቀች በስድስት ወሯ መክፈል ጀምሪ ይላታል። ዕዳው ደሞዙ እስኪያድግ አይጠብቅም። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

2ኛ፦ የደሞዙን እውነተኛ መልክ እወቁ

ኢንተርኔት ላይ «የፖለቲካል ሳይንቲስት ደሞዝ» ብላችሁ ብትፈልጉ ከ130,000 ዶላር በላይ የሚል ቁጥር ይመጣላችኋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቁጥር ነው፣ ውሸት አይደለም። ግን በመላው አገሪቱ በዚህ የሥራ መደብ ያሉት ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ አላቸው። ባችለር ይዛ የምትወጣ የ22 ዓመት ልጅ ይህን ደሞዝ አታገኝም። ይህን ቁጥር ከወረቀታችሁ አውጡት።

የሚጠቅማችሁ የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያወጣው ሰንጠረዥ ነው። አዲስ የኮሌጅ ምሩቃንን በትምህርት መስክ ከፍሎ ያሳያል። በዚያ ሰንጠረዥ የፖለቲካል ሳይንስ ምሩቃን ከ22 እስከ 27 ዓመት ሳሉ መካከለኛ ደሞዛቸው 50,000 ዶላር አካባቢ ነው። ከ35 እስከ 45 ዓመት ሲሆኑ 80,000 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሰው ከሱ በላይ፣ ግማሹ ከሱ በታች ያገኛል ማለት ነው። ልጃችሁ በየትኛው ግማሽ እንደምትውል ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ደሞዝ ያልሆኑ ሁለት ዓምዶች አሉ። እኔን ከደሞዙ ይበልጥ ያሳሰቡኝ እነሱ ናቸው። አንዱ፣ ከወጣት ምሩቃኑ ግማሽ ያህሉ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ መስክ ከተመረቁት ግማሽ ያህሉ ኋላ ሌላ ዲግሪ መጨመራቸው ነው። ሕግ፣ ማስተርስ፣ አንዳንዴም ፒኤችዲ። ሁለተኛው ዲግሪ ደግሞ ሁለተኛ ዕዳ ነው። ወደሱ እንመለሳለን።

ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር የፌዴራል መንግሥት ሥራ ትልቅ ቦታ አለው። በ2025 የደሞዝ ሰንጠረዥ በዋሽንግተን ዙሪያ ጂኤስ-5 የሚባለው የደሞዝ እርከን መነሻ 46,000 ዶላር ገደማ፣ ጂኤስ-7 ደግሞ 57,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጥሩ ውጤት ይዞ የተመረቀ በጂኤስ-7 መጀመር ይችላል። ልብ በሉ፣ በዚያው ዓመት የፌዴራል መንግሥት ብዙ ሠራተኛ ቀንሷል። የመንግሥት ሥራ አስተማማኝ ነው የሚለውን የድሮ እምነት ይዛችሁ አትቁጠሩ።

አንድ የኛ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ይጠይቃል። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ አብሯችሁ እየኖረ ወላጅ ዜግነት ከወሰደ፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅም አብሮ ዜጋ ይሆናል። ልጁ 18 ካለፈው ግን ራሱ ማመልከት አለበት። ለነርስ ወይም ለኮምፒውተር ተማሪ ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ለፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ግን የዜግነት ቀኑ የሥራ ቀኑ ነው።

3ኛ፦ ቁጥሩን በየኮሌጁ ፈልጉ

የትምህርት ሚኒስቴሩ ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስም አስገቡ። ከዚያ የትምህርት መስክ የሚለውን ክፈቱና «ፖለቲካል ሳይንስ ኤንድ ገቨርንመንት» የሚለውን ፈልጉ። የዚያ ኮሌጅ የዚያ መስክ ምሩቃን መካከለኛ ገቢና መካከለኛ ዕዳ ጎን ለጎን ይወጣል። ኢንተርናሽናል ሪሌሽንስና ፐብሊክ ፖሊሲ ለየብቻቸው ስለተመዘገቡ እነሱንም እዩ። አንዳንድ ቦታ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅ ፓርክ ለምሳሌ ትምህርቱን «ገቨርንመንት ኤንድ ፖለቲክስ» ይለዋል።

ስታነቡት ሁለት ነገር አትርሱ። ቁጥሩ የሚሰበሰበው የፌዴራል ዕርዳታ ወይም ብድር ከወሰዱ ተማሪዎች ብቻ ነው። ዕዳ የሚለው ደግሞ የተማሪውን ብድር ነው። ወላጅ በስሙ የወሰደው ብድር እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። «የዚህ ኮሌጅ ተማሪ የሚወጣው በ22,000 ዶላር ዕዳ ነው» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ እፎይ ካላችሁ፣ የአባትየው 60,000 ዶላር ሳይታያችሁ ቀርቷል።

ውድ የሆነው ኮሌጅና የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ በገቢ በኩል ምን ያህል እንደሚራራቁ ጻፉት። በዚህ መስክ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ወላጅ ከሚገምተው ያንሳል።

4ኛ፦ ደብዳቤውን ገንጥላችሁ አንብቡ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ነው።

ከእህቴ ልጅ ደብዳቤዎች አንዱ በዋሽንግተን ካለ የግል ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነበር። የዓመቱ ሙሉ ወጪ 88,000 ዶላር ይላል። ከታች በትልቁ «የምትከፍሉት 12,500 ዶላር» ተብሎ ተጽፏል። እህቴ «እንዴ፣ ይሄማ ይቻላል!» አለች። ከዚያ መስመር በመስመር ወረድን። 50,000 ዶላር የኮሌጁ ስኮላርሺፕ ነው። ይህ በእርግጥ የማይመለስ ገንዘብ ነው። 5,500 ዶላር የተማሪ ብድር ነው። 20,000 ዶላሩ ደግሞ ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጅ ብድር ነው። ሦስቱም «ዕርዳታ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ተደርድረዋል። ብድር ዕርዳታ አይደለም። የዓመቱ እውነተኛ ዋጋ 38,000 ዶላር ነው።

እንዲህ ሥሩት። የዓመቱን ሙሉ ወጪ ጻፉ፣ ምግብና ማደሪያ ሳይቀር። ከሱ ላይ የማይመለሰውን ብቻ ቀንሱ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ዕርዳታ፣ የግዛት ግራንት፣ የኮሌጁ ስኮላርሺፕ። በ2025-26 ፔል ግራንት ቢበዛ 7,395 ዶላር ነው። ካምፓስ ሠርታ የምታገኘውንም አትቀንሱ፣ ገና አልሠራችውም። የቀረው ዋጋችሁ ነው። በአራት አባዙት። ከዚያ ስልክ ደውሉና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስኮላርሺፑ አራቱንም ዓመት ይቀጥላል? እንዲቀጥል ስንት ጂፒኤ ይፈለጋል? አንዳንድ ኮሌጅ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳምርና በሁለተኛው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ደብዳቤ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሙሉ ወጪው 30,000፣ የማይመለሰው 14,000፣ ቀሪው 16,000 ዶላር። ከቤት ከተመላለሰች ደግሞ ከዚህ ላይ 10,000 ዶላር ያህል ይቀነሳል። ከቤት የምትመላለስ ተማሪ ግራንቷም ሊቀንስ ስለሚችል ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ። የግዛቱ ነዋሪ መሆን ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማየት፣ ኮሌጅ ፓርክ ለሜሪላንድ ነዋሪ በዓመት የሚያስከፍለው የትምህርት ክፍያ 12,000 ዶላር ገደማ ነው። ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ከ40,000 ይበልጣል።

ሦስተኛው መንገድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ሁለት ዓመት እዚያ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ። የኛ ሰው ያፍርበታል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የጨረሰችበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በቨርጂኒያ ኖቫ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርለት አውቆ ይገባል። ለፖለቲካል ሳይንስ ይህ ይመቻል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አብዛኛው ጠቅላላ ትምህርት ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስን እዩ። ከ2024 መኸር ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ ነዋሪ በግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ አይከፍልም።

ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ላይም ትንሽ ልበል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ተማሪ መሙላት ይችላል። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለው የፌዴራል ዕርዳታ አያገኝም። የወላጅ ወረቀት ልጁን አያግደውም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቤት ከምትኖሩበት ቤት ውጭ የሆነ ንብረት ስለሆነ፣ ንብረት የሚጠይቀው ክፍል ከወጣላችሁ መጻፍ አለበት። እቁብ በደረሳችሁ ሰሞን ከሞላችሁም ባንክ ያለው ገንዘብ እንደ ቁጠባ ይታያል። በየወሩ ለእናታችሁ የምትልኩትን ግን ቅጹ አይጠይቅም፣ አይቀንስላችሁምም። ስለዚህ እሱን እናንተው በራሳችሁ ስሌት ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

5ኛ፦ በማን ስም እንደምትበደሩ ወስኑ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ በተማሪዋ ስም ያለው የፌዴራል ብድር። ከሱ ውስጥም ሰብሲዳይዝድ የሚባለው ይቅደም፣ ትምህርት ላይ እያለች ወለዱን መንግሥት ይከፍላል። በወላጅ ሥር ላለች ተማሪ ጣሪያው በመጀመሪያ ዓመት 5,500፣ በሁለተኛ 6,500፣ በሦስተኛና በአራተኛ 7,500 ዶላር ነው። በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ይሆናል። በ2025-26 ወለዱ 6.39 በመቶ ነው።

ይህን 27,000 ዶላር እንደ አጥር ቁጠሩት። ለፖለቲካል ሳይንስ ባችለር ከዚህ አጥር ባታልፉ ይሻላል ብዬ ነው የማምነው። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ስሌት ታዩታላችሁ።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ፓረንት ፕላስ ነው። ወለዱ በ2025-26 8.94 በመቶ ሲሆን፣ ገና ሲሰጣችሁ ከ4 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ክፍያ ይቆረጥበታል። 20,000 ብትፈርሙ ኮሌጁ የሚያገኘው 19,150 ዶላር አካባቢ ነው። ዕዳው ሙሉ በሙሉ የወላጅ ነው። ልጅቷ «እኔ እከፍላለሁ» ብትል እንኳ ሕጉ የሚያውቀው እናንተን ነው።

በ2025 ጁላይ 4 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ከ2026 ጁላይ 1 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ ጣሪያ አበጅቶለታል። በዓመት 20,000፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላ 65,000 ዶላር። አሁን ወደ መጀመሪያው ደብዳቤ ተመለሱ። በየዓመቱ 20,000 ዶላር የወላጅ ብድር ታስቦበታል። በሦስት ዓመት 60,000 ይሆናል። ለአራተኛው ዓመት የሚቀረው 5,000 ብቻ ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመት ከተማረች በኋላ 15,000 ዶላር ከየት ይመጣል? ደብዳቤው ስለዚህ አንድ ቃል አላለም።

ያኔ ነው ሰው ወደ ግል ባንክ የሚሮጠው። ባንኩ ፈራሚ ይፈልጋል። አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት ይለመናል። እኔም አንድ ጊዜ ለዘመድ ልጅ ፈርሜ አውቃለሁ። ልጁ ሥራ ሲያጣ ደብዳቤው ወደ እኔ መጣ። ልጁ ጨዋ ነበር፣ ግን ሥራ አላገኘም። ሦስት ዓመት ከፈልኩ። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ የምለው አንድ ነው፦ ራሳችሁ ልትከፍሉት የማትችሉትን ብድር ለማንም አትፈርሙ፣ ማንንም ፈርምልኝ አትበሉ።

6ኛ፦ ወደ ወር አውርዱት

100,000፣ 65,000 የሚሉ ቁጥሮች ትልቅ ስለሆኑ ስሜት አይሰጡም። ወርሃዊ ሲሆኑ ግን ቤት ኪራይን ይመስላሉ።

ልጅቷ በ48,000 ዶላር ሥራ ጀመረች እንበል። ሜሪላንድ ውስጥ ታክስ ተቆርጦ በወር 3,100 ዶላር አካባቢ እጇ ይገባል። ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታ ኪራይና መብራት 1,200። ምግብ 450። መጓጓዣ 300። ስልክና ኢንሹራንስ 150። ለአያቷና ለቤተሰብ የምትልከው 200። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት። የአሜሪካ ካልኩሌተሮች ውስጥ የለም፣ እኛ ቤት ግን አለ። ድምሩ 2,300 ነው። የሚቀራት 800 ዶላር። ልብስ፣ መድኃኒት፣ ቁጠባ፣ የጓደኛ ሠርግ፣ ሁሉም ከዚህ ነው።

27,000 ዶላር በ6.39 በመቶ፣ በአሥር ዓመት ቢከፈል በወር 305 ዶላር ነው። 800 ውስጥ ይገባል። ጠበብ ይላል፣ ግን ይኖራል። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ላይ እያለች አንሰብሲዳይዝድ የሆነው፣ መንግሥት ወለዱን የማይከፍልለት ክፍል ወለድ ስለሚጨምር ትንሽ ከፍ ይላል።

አዲሱ ሕግ ከ25,000 እስከ 50,000 ዶላር ያለውን ብድር በ15 ዓመት ነው የሚያስከፍለው። ወርሃዊው ወደ 234 ዶላር ይወርዳል፣ ጠቅላላው ግን ከ36,600 ወደ 42,000 ዶላር ይወጣል። አስቀድሞ መክፈል ቅጣት የለውም። ስለዚህ 234 እየተጠየቀች 305 ብትከፍል በአሥር ዓመት ትጨርሳለች። የከፋ ወር ሲመጣ ደግሞ ወደ 234 ትመለሳለች። እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ሌላው አማራጭ ራፕ የሚባለው በገቢ ልክ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ገቢዋ ከ40,000 እስከ 50,000 ዶላር ከሆነ የዓመት ገቢዋን 4 በመቶ ትከፍላለች። በ48,000 በወር 160 ዶላር። የ27,000 ዶላር ወለድ ብቻውን በወር 144 አካባቢ ስለሆነ ዋናው ብድር ብዙም አይነቃነቅም። ቀሪው የሚሰረዘው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ደሞዝ ሲያንስ መጠጊያ ይሆናል፣ የዕድሜ ልክ ዕቅድ ግን አታድርጉት። ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሙሉ ሰዓት የምትሠራ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ፒኤስኤልኤፍ በሚባለው ፕሮግራም 120 ወር በትክክል ከከፈለች ቀሪው ይሰረዛል። የዚህ መስክ ምሩቃን ብዙዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ያለ ቦታ ስለሆነ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የአሠሪዋን ማረጋገጫ ትሙላ፣ ወረቀቱን ትያዝ።

አሁን የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንመልከት። የልጅቷ 27,000 እንዳለ ሆኖ የወላጅ 65,000 ይጨመራል። በአዲሱ ሕግ ይህ በ20 ዓመት ይከፈላል። በወር 582 ዶላር። ጠቅላላ 140,000 ዶላር ገደማ። ለወላጅ ብድር ራፕ የለም። አባትየው ዛሬ 50 ዓመቱ ነው እንበል። ልጅቷ ስትመረቅ 54። ዕዳው ሲያልቅ 74። ልጅቷ ልክፈል ብትል ደግሞ 305 እና 582 ሲደመር 887 ነው። ከ800ው ያልፋል።

እህቴ ይህን ቁጥር ስታይ ስኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ፖለቲካ አላነሳችም። ያወራነው ስለ ዋጋው ነው።

7ኛ፦ የሕግ ትምህርቱንም አሁኑኑ ቁጠሩት

«ፖለቲካል ሳይንስ ተምራ ጠበቃ ትሆናለች።» ይህን ስንቴ ሰማሁ። ሊሆን ይችላል። ሕግ ትምህርት ቤት ከሚያመለክቱት ሁሉ ብዙ ቁጥር ያለው ከዚህ መስክ ነው። ግን የጠበቃ መነሻ ደሞዝ ሁለት ጉብታ አለው። በአንዱ ጉብታ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች በ225,000 ዶላር ይቀጥራሉ። በሌላው ጉብታ አብዛኛው ሰው ከ60,000 እስከ 90,000 ዶላር መሀል ይጀምራል። መሀሉ ላይ ጥቂት ሰው ነው ያለው። አማካዩን ብታዩ ማንም የማይከፈለውን ደሞዝ ታያላችሁ።

ከ2026 ጁላይ 1 ወዲህ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው የድኅረ ምረቃ ብድር የለም። የፌዴራል ብድሩ ጣሪያ ለሕግ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ነው። ለተራ ማስተርስ በዓመት 20,500፣ በጠቅላላ 100,000። ስለዚህ ለባችለር የወጣው እያንዳንዱ ዶላር የሕጉን በር ያጠብባል። ሕግ በእርግጥ የምታስብ ከሆነ የባችለሩን ዋጋ ይበልጥ አሳንሱት። ከተመረቀች በኋላም ሁለት ዓመት በሕግ ቢሮ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት ሆና ትሥራ። ሥራውን ትወደው እንደሆነ በ200,000 ዶላር ሳይሆን በደሞዝ ታውቀዋለች።

8ኛ፦ በአራቱ ዓመት የደሞዙን በኩል አሳድጉ

ስታቲስቲክስ ትውሰድ። አንድ ኮርስ ሳይሆን ሦስት አራት። የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ የምርጫ መረጃ ትንተና፣ አር የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ካርታ ሥራ። ዲግሪ ከማይጠይቅ ሥራ የሚያወጣት አንድም ይኼ ነው። ኢኮኖሚክስ ወይም ዳታ ሳይንስ በማይነር ብትጨምር ደግሞ ይበልጥ።

ኢንተርንሺፕ በክፍያ ይሁን። ከ2019 ጀምሮ የኮንግረስ ቢሮዎች ለኢንተርን የሚከፍሉት በጀት አላቸው። በነፃ መሥራት የሚችለው ወላጁ ኪራይ የሚከፍልለት ልጅ ነው። የኛ ልጆች ብዙዎቹ በበጋ መሥራት አለባቸው፣ ይህ ደግሞ ነውር አይደለም። የካውንቲ ምክር ቤት፣ የግዛቱ ምክር ቤት በአናፖሊስ፣ የአካባቢ ምርጫ ቦርድ፣ ሁሉንም ታመልክት።

አማርኛዋን ደግሞ አትጣል። መናገር ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍ። በዋሽንግተን ዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለምክር ቤት አባል ቢሮ የኛን ሰፈር ሰው በቋንቋው የምታነጋግር ሠራተኛ ዋጋ አላት።

9ኛ፦ ከሜይ 1 በፊት ደውሉ

አብዛኛው ኮሌጅ መልስ የሚጠብቀው እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ይደወላል። ልጅቷ ትደውል፣ እናንተ አጠገቧ ሁኑ። ፋፍሳ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው፣ ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከቀነሰ፣ ታክሲው ወይም ኡበሩ ገቢው ከወረደ፣ ቤት ውስጥ ሰው ከታመመ ማስረጃ ይዛችሁ እንዲታይላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሌላ ኮሌጅ የተሻለ ደብዳቤ ካላችሁም ላኩላቸው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ስኮላርሺፕ ካገኘች ኮሌጁ በሱ ምትክ የራሱን ግራንት ይቀንስ እንደሆነ ጠይቁ። ሜሪላንድ በ2017 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ኮሌጆቿ ይህን እንዳያደርጉ ከልክላለች። ሌላ ግዛት ያለ ኮሌጅ ሊያደርገው ይችላል።

የእህቴ ልጅ ለሦስቱም ደወለች። የግሉ ዩኒቨርሲቲ 3,000 ዶላር ጨመረ። የግዛቱ 2,000። በጨመሩት ልክ ወረቀቱን እንደገና ሠራነው። የግሉ አሁንም ከአጥሩ ውጭ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የግዛቱን ዩኒቨርሲቲ መረጠች፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከቤት ተመላልሳ። ወረቀቱን እናቷ በማግኔት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። በየዓመቱ በሚያዝያ አዲሱን ቁጥር ልንጽፍበት ተስማምተናል።